ያለ ሥጋ መጥገብ፦ ከሽሮ ሜዳ ማድ ቤት የተማርኩት

ሥጋ የሌለበት ማዕድ ያጠግባል ወይ፣ ገላስ ይጠግናል ወይ የሚል ጥያቄ ሲነሣ እኔ ሩቅ አልሄድም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን አቀበት በሁዳዴ ማለዳ ቆሞ ማየት ይበቃል። ሯጮች ሽቅብ ይወጣሉ። እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከመንገዱ ገባ ብሎ ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያመላልስ ይውላል። ለ55 ቀን አብዛኞቹ ሉካንዳ ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ሥራው ግን አይዘጋም።

በዚሁ ሰፈር ለሸማኔዎች፣ ለሱቅ ልጆችና ለተማሪዎች የጾም ምሳ እየሠራሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። የቤቴም ማዕድ ከዚያ የተለየ አልነበረም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርቡን፣ ዓቢይ ጾሙን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን ሁሉ ካሟላ ከዓመቱ 180 ቀን ያህል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም፤ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ለምእመኑ እንኳ ግማሽ ዓመት ማለት ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን በዚህ ማዕድ አርሰዋል፣ ወልደዋል፣ አርጅተዋል። ሆኖም ሁሉም የጾም ምግብ እኩል አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ከድስቱ አጠገብ ሆኜ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

የሚያጠግበው ወጡ ነው

እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ ሰውን ሥራ ላይ የሚያቆየው ግን ወጡ ነው። ይህን ከማንም በፊት ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ናቸው። በልጅነታቸው ከጨንቻ፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ሽምብራ በተወደደ ሰሞን፣ በየምግብ ቤቱ ሽሮው እየቀጠነ ሲመጣ፣ አንድ ቀን 9 ሰዓት ላይ ቆሎ ፍለጋ ወደ እኔ ብቅ አሉ።

«አባቴ፣ ምሳ አልበሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«በልቻለሁ ልጄ። የዛሬዋ ሽሮ ግን መወርወሪያ አታስወረውርም።»

«እንጀራ ልጨምርልዎ?»

«እንጀራማ ሞልቶኛል። የጎደለው ሌላ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ተመጋቢዎቼን በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ወፈር ያለ ሽሮ ወይም ምስር የበላ ሰው እስከ ማታ 12 ሰዓት ይዘልቃል። እንጀራውን አብዝቶ ወጡን ያሳሳ ሰው ከ9 ሰዓት አያልፍም። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ባቄላ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል፤ አተር ተቀራራቢ ነው፤ ሽምብራ 20 ግራም አካባቢ ነው። ጥሬ ቀይ ሥጋም በ100 ግራም ከ20 ግራም ጥቂት ቢያልፍ ነው። ነገር ግን ጥራጥሬው ሲበስል ብዙ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ጭልፋ ምስር ወጥ አንድ ጭልፋ ጥብስን አይተካም፤ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል። የጾም ምግብ አያጠግብም የሚሉ ሰዎችን ሳህን ሳይ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው፦ የሥጋ ወጥ በሚወጣበት መጠን የወጣ ሽሮ። ጥራጥሬው በልክ ሲሆን ፕሮቲኑና አሰሩ አብረው ስለሚገኙ ምግቡ ከሆድ ቶሎ አይወርድም፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ለሚሠራ ሰው ለአንድ ምሳ 60 ግራም ያህል ደረቅ የሽሮ ዱቄት፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ ጭልፋ ክክ ወይም ምስር። ሽምብራ ሲወደድ ወጡን ከማቅጠን ባቄላና አተር ጨምሮ ምጥን ሽሮ ማስፈጨት ይሻላል።

አሠራሩም ከጥጋቡ ጋር ይያያዛል። ቁሌቱ ሽንኩርቱ ደህና እስኪበስል ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ ሽሮው እየተነሰነሰ ይማሰላል። መጀመሪያ ቀጠን ብሎ ይታያል፤ እሳቱን ቀነስ አድርጎ መተው ነው። እየተንተከተከ ይወፍራል፤ ዘይቱ በድስቱ ዳር ዳር መውጣት ሲጀምር ደርሷል። ተቸኩሎ የወጣ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል። ሙሉ ሽምብራና ባቄላም ሲሠራ ተነክሮ ማደር፣ የነከሩበትም ውኃ መደፋት አለበት። «ጥራጥሬ ሆዴን ይነፋኛል» ብለው ከተዉት ሰዎች ብዙዎቹን በዚህ መልሻቸዋለሁ።

ስለ ቆጮም ከእኚሁ ሸማኔ ጋር ብዙ አውግተናል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ሆድ ይይዛል፤ ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም 1 ወይም 2 ግራም ቢሆን ነው። በእንሰት አገር ሰው ቆጮን ለብቻው የማይወደው፣ ባቄላ፣ ጎመን ወይም አይብ የሚያስጠጋለት ያለ ነገር አይመስለኝም።

ጤፍ ጥራጥሬን፣ ጥራጥሬ ጤፍን ይፈልጋል

የአገራችን ምግብ ምን እንደያዘ የተመዘነው ዛሬ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሆኖ የተጀመረው ሥራ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ምግቦችን ይዘት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ወጣ። ተቋሙ በኋላ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዛሬ እዚሁ ጉለሌ፣ የሰፈሩ ሰው «ፓስተር» በሚለው ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል።

ጤፍና ጥራጥሬ የሚፈላለጉበት ምክንያት በአጭሩ እንዲህ ነው። እህል ሁሉ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን አካል ያንሰዋል፤ ጤፍ በዚህ ከስንዴና ከበቆሎ ይሻላል እንጂ እርሱም አይሞላም። ጥራጥሬ ላይሲኑ የተትረፈረፈ ሆኖ ሜታዮኒን ይጎድለዋል። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሸፍናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 300 ግራም የጤፍ ዱቄት 30 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ 100 ግራም ጥራጥሬ ከ20 ግራም በላይ። የእጽዋት ፕሮቲን ሰውነት ውስጥ አፈጫጨቱ ከሥጋው ዝቅ ስለሚል ትንሽ መጨመር ደግ ነው፤ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ወይም የባቄላ ንፍሮ ያን ይሞላዋል።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ወጣቶቻችን ጾም ሲገባ ምሳቸው ፓስታ በቲማቲም፣ ሩዝ በካሮት፣ የድንች ጥብስ፣ ብስኩት በሻይ እየሆነ ነው። ይህ ሁሉ የጾም ነው፤ ጥራጥሬ ግን የለበትም። ከዚያ «ጾም አደከመኝ» ይላሉ። ያደከማቸው ጾሙ አይደለም። በፓስታው ላይ ምስር ቢያፈሱበት፣ ሩዙን በክክ ቢበሉት ነገሩ ይለወጣል።

ሯጮቹንም ላንሣ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የታወቁ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ በየዕለቱ መዝኖ፣ ከሚበሉት ጉልበት 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት እንደሆነ፣ ምግባቸውም በአመዛኙ ከእጽዋት የሚገኝ፣ ከእንስሳት የሚመጣው ጥቂት እንደሆነ አግኝቷል። ጥቂት ማለት ግን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ዘይት አይጠላም

በጾም ቅቤ ስለማይገባ ዘይትን ማሳነስ ጽድቅ የሚመስላቸው አሉ። የጎመንና የካሮት ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ደህና አድርጎ አይመጠጥም፤ ቅባት የሌለው ምሳም ቶሎ ያስርባል። ከጥራጥሬ ቀጥሎ የጾም ማዕድ ሀብት የቅባት እህል ነው፦ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ለውዝ። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ ፍትፍት ከተማው እየረሳቸው መምጣቱ ያሳዝነኛል። ተልባ ዓሣ ለማይበላ ሰው ኦሜጋ 3 ከሚገኝባቸው ጥቂት ምግቦች አንዱ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ለማዘጋጀት የአንድ ቡና ያህል ጊዜ አይፈጅም። ስልጆውም እልበቱም እንዲሁ፤ የባቄላው ፕሮቲንና የሱፉ ቅባት በአንድ ሳህን የሚገናኙበት ስልጆን የመሰለ ምግብ እያለን፣ ጾም ሲመጣ «ምን ይበላል?» ማለታችን ይገርመኛል።

ጎመኑ ከሎሚ ጋር፣ ቡናው ከምሳ ራቅ

ጤፍ ብረት አለው ይባላል። አለው፤ ነገር ግን በምርመራ ከሚለካው ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የእህልና የጥራጥሬ ብረትም እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱንና ዚንኩን ይዞ ያስቀራል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሥራ ይመጣል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል፣ ብረቱ ይፈታል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ጣዕም ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ሳይቦካ በችኮላ የተጋገረ እንጀራ መልኩ አንድ ቢሆንም ሰውነት ከብረቱ የሚያገኘው ያንሳል፤ እንጀራ ከምትገዙበት ቤት ሊጡ ስንት ቀን እንደሚያድር ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ኮምጣጣው ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ፣ እነዚህ ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ ከምግቡ ጋር ሲበሉ የብረቱን መመጠጥ ከፍ ያደርጋሉ። ምስሩ በሎሚና በቃሪያ የሚቀርብበት አዚፋ በዚህ ረገድ የተዋጣ ምግብ ነው። በእኔ ገበታ የቲማቲም ሰላጣና ሎሚ ከበያይነቱ ተለይተው አያውቁም፤ ሎሚ የሚወደድበት ጊዜ ቃሪያውን አበዛለሁ።

ሦስተኛው ቡናው ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ምሳ ተበልቶ ገበታው ሳይነሣ ጀበናው ይጣዳል፤ ያ ወግ የምወደው ወግ ነው። ግን ቡና ከምሳ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ የእጽዋቱን ብረት ከሰውነት ያስቀራል፤ ሻይ ደግሞ ይብሳል። ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አያደርስም። ከምሳ በኋላ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ማራቅ ነው። እኔ ቤት ቡናው ወደ 9 ሰዓት ተዛወረ፤ ወሬውም ጭሱም አልቀረም። ይህን በተለይ የምናገረው ለሴቶች ልጆች ነው። ድውር የሚያጠነጥኑ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ፣ በየወሩ ደም የሚፈሳቸው፣ ሲነሡ ዓይናቸው ብዥ የሚልባቸው ልጆች በየቤቱ አሉ። ማዞር ከቆየ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መታየት ይሻላል፤ የደም ማነስ በሎሚ ብቻ የማይመለስበት ደረጃ አለው።

ጨውን በአንድ ቃል ልለፍ፦ አዮዲን ያለበትን ግዙ። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶለታል፤ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ርካሽ ሽሮ ሲገኝ

ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ሽሮ ሲቀርብላችሁ ጓያ አለበት ወይ ብላችሁ ጠርጥሩ። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለሆነ በክፉ ዘመን ገበሬውን አድኖታል፤ ያለ ሌላ እህል ለወራት ሲበላ ግን ጉልበት ይቆልፋል፣ እግር ያሽመደምዳል። በጎንደር ደንቢያና ፎገራ፣ በወሎ ደላንታ በዚህ የተነሣ በምርኩዝ የቀሩ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። በሽሮ ውስጥ ያለ ጥቂት ጓያ ያን አያደርግም፤ ግን በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ድሃ ቤተሰብ የሚበላውን ማወቅ አለበት። ከተቻለ እህሉን በዓይን አይቶ ገዝቶ፣ አምሶ፣ ከክቶ ወፍጮ ቤት መውሰድ ነው። በጋራ ገዝተው የሚያስፈጩ ጎረቤታሞች ዋጋውንም ይቀንሳሉ።

ጾሙ የማይፈታላቸው

ከሁሉ በላይ የምቆረቆርበት ይህ ነው።

አንድ ነገር በእጽዋት ውስጥ የለም፤ ቫይታሚን ቢ12። ለነርቭና ለደም ያስፈልጋል፤ የአዋቂ ሰው የቀን ልክ 2.4 ማይክሮግራም ነው፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እርሾ ወይም ጠላ ይተካዋል ሲባል እሰማለሁ፤ በዚያ መተማመን አይገባም። የጾማችን ሥርዓት ራሱ መፍትሔ አለው፤ ጾም ይገባል፣ ጾም ይፈታል። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ማከማቸት ይችላል። በፍስክ ወተት፣ እንቁላል፣ አንዳንዴም ዱለት የሚበላ ሰው 55 ቀን ቢጾም በዚህ አይጎዳም። ሯጮቹ ጋ ያልኩት «ጥቂት» ሥራው እዚህ ነው።

ግን ስንቱ ነው በፍስክ የሚፈስከው? ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አንዳንዶቹ ሸክማቸው ከራሳቸው ክብደት አይተናነስም። ፋሲካ መጥቶ ሲያልፍ ምሳቸው ያው ሽሮ፣ ያው ንፍሮ ነው። ጾሙ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይፈታል፤ በቤታቸው አይፈታም። በየዓመቱ ከሰፈራችን ሰው ስንቱ ሥጋ የሚቀምሰው ለዓውደ ዓመት ብቻ እንደሆነ እዚሁ የሚኖር ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች ወደው ሳይሆን ተቸግረው ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ሆነዋል፤ እጅና እግራቸው ሲደነዝዝ፣ ምላሳቸው ሲቆስል፣ ድካሙ አልለቅ ሲል የእርጅና ወይም የብርድ ይመስላቸዋል። የቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌና በኪኒንም ይታከማል። ከቆየ ግን ነርቭ ላይ የማይመለስ ጉዳት ይተዋል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት የምመክረው ሥጋ ግዙ ብዬ አይደለም። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ከተገኘም አንድ ኩባያ ወተት። እንቁላል ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡን የሚመልስ ምግብ ነው፤ ጓሮ ያለው ደግሞ ሁለት ዶሮ ይይዛል። በዓል ሲደርስ ቅርጫ የሚገቡ ቤተሰቦችም ጉበቱንና ጨጓራውን እንደ ዝቅተኛ ነገር አይዩት፤ በቢ12 ከሥጋው ሁሉ ጉበቱ ይበልጣል። በራሱ ምርጫ ከእንስሳት ነገር ፈጽሞ የተለየ ሰው ካለ ደግሞ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉ፣ ቢ12ን ከፋርማሲ መውሰድ ግዴታው ነው። 

ልጆች

ለአዋቂ ያልኩት ሁሉ ለሕፃን አይሠራም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ ፍላጎቱ ትልቅ። የጥራጥሬ ወጥ ጥቅሙ እንዲደርሰው የሚበቃውን ያህል ቢበላ ሆዱ አይችለውም። ይህን የሥነ ምግብ ባለሙያዎቻችን ቀድመው አውቀውት ነበር፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ሲያዘጋጁ ከስንዴውና ከጥራጥሬው ጋር የዱቄት ወተት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ጨምረውበታል። ጥራጥሬን በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች ለሕፃን ጥራጥሬ ብቻ አልሰጡም።

በሰፈራችን የማየው ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። ሆኖም ሁዳዴ ሲገባ በብዙ ቤት የልጁም ወተትና እንቁላል አብሮ ይቋረጣል። ክፋት አይደለም፤ «ዕቃው ይነካካል» የሚል ስጋት ነው። የእንቁላሉ መጥበሻ ከጾሙ ድስት ጋር ይቀላቀላል ብላ የምትፈራ እናት ጭራሽ ባትሠራው ይቀላታል። ሉካንዳውም ይዘጋል፣ ወተት አቅራቢውም ይቀንሳል። እንዲህ ሆኖ የሁለት ዓመት ልጅ ሳያውቀው ከእናቱ ጋር 55 ቀን ይጾማል። ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋም እንዲሁ፤ የንስሐ አባት እንደሚፈቅዱላት እያወቀች ሰው ምን ይለኛል ብላ ትጾማለች።

እኔ ይህን ለጎረቤቶቼ እየነገርኩ ኖሬያለሁ፤ ለእናንተም እነግራለሁ። ለልጁ የራሱ መጥበሻ፣ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ማንኪያ ይኑረው፤ በሌላ መደርደሪያ ይቀመጥ፣ በሌላ ስፖንጅ ይታጠብ። ወጪው ትንሽ ነው። በጾምም ቢሆን እንቁላሉን ስጡት፣ ወተቱን አትከልክሉት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ፣ ሁዳዴ ሳይገባ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁንም የብረት ኪኒን አታቋርጡ።